የማደንዘዣ ከረጢት ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ከተማ የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ብሌግዳም ሆስፒታል የነበረው መላ አካልን የሚይዝ የመተንፈሻ ሣጥን አንድ ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ከተሳናቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። በደማቸው የተገኘውን የባይካርቦኔት ብዛት ሐኪሞቹ ምንጩ ያልታወቀ የአልካሊ መብዛት ብለውት ነበር፤ የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ግን ሕሙማኑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማስወጣት አቅቷቸው እንደሚታፈኑ ተረዳ። ኦገስት 27 ቀን የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ተበስቶ ቱቦ ገባላት። ስትታገለው በመድኃኒት አስተኛትና፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ለማደንዘዣ የሚያገለግለውን የጎማ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አስተነፈሳት። ልጅቱ ተረፈች።

እንግዲህ ዕቃው አዲስ አልነበረም ለማለት እንደፍራለን፤ አዲሱ ነገር ወደ ሕሙማን አልጋ መሄዱ ነው። ከረጢቱ ግን በራሱ አይጨመቅም። እንደ እኛ ያሉ 1,500 ያህል ተማሪዎች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት ጨመቁት፤ የሟቾቹም ቍጥር እጅግ ወረደ።

በ2020 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ የመተንፈሻ መሣሪያ ባነሰ ጊዜ፣ በየአገሩ ሆስፒታሎች የማደንዘዣ መሣሪያቸውን ለጽኑ ሕሙማን አውለዋል። የዚህኛው መሣሪያ አየር የሚገፋው በራሱ ነው፤ ሆኖም ጠባዩን የሚያውቅ ባለሙያ ከአጠገቡ እንዳይርቅ ግድ ነበር።