የመኸር ወራት በገበሬው ቤት

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ጤፍ የሚታጨደው በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ለአጨዳው ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ የደቦው ሸክም ግን ከአጫጆቹ ይልቅ በቤቱ እመቤት ላይ ይከብድ ነበር። የሞተር ወፍጮ ከመግባቱ በፊት ለእንጀራው የሚሆነውን እህል ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያድሩ ነበር፤ ጠላውም ቀናት ቀድሞ መጠንሰስ አለበት። ልጆች ከብት ይጠብቃሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ ከዚያ በኋላ በኦርቶዶክሱ ቤት የደቦ ወጥ ሽሮ ወይም ክክ እንጂ ሥጋ አይሆንም።

በእበት በተለቀለቀ አውድማ በሬዎች ያበራዩት እህል በመንሽና በላይዳ ከገለባው ተለይቶ ጎታ ይገባል። ጭቃና ጭድ አቡክተው፣ ደረጃ በደረጃ እያደረቁ ጎታውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ስለ ማረሻ የተጻፈውን ያህል ግን ስለዚህ ሙያ አልተጻፈም። ዛሬ በብዙ ቤት ጎታውን ጆንያና ማዳበሪያ ተክተውታል።