ሞጣና ሰባራ ድልድይ

የሩቅ አገርን ወንዝና ተራራ በቃላችን ስናጠና የቅርቡን አገራችንን መዘንጋት አይገባንም። ስለዚህ ስለ ሞጣ ጥቂት እንገልጻለን።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ሞጣን ያገኛል። በስተደቡብ የጮቄ ተራራ፥ በስተምሥራቅ የዐባይ በረሃ አለ። ስለዚህ የደጋው ገብስ፥ የወይና ደጋው ጤፍና የቆላው ማሽላ በገበያዋ ይገናኛሉ።

በ18ኛው መቶ ዓመት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የሞጣ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። ካህናቱም መሬት ተሰጥቷቸው በደብሩ ዙሪያ ሰፈሩ፤ የከተማዋ መነሻ ይህ ነው።

ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት የመካከሉን ቅስት አፈረሱት፤ ሰባራ ድልድይም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ መንገደኛው በገመድ ታስሮ፥ በማዶ ያሉት ሰዎች እየጐተቱት በገደሉ ላይ ይሻገር ነበር።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ከባሕር ማዶ የመጡ በጎ አድራጊዎች ከሀገሬው ጋራ ድልድዩን ጠገኑት። በ2005 ጐርፍ ወሰደው፤ በ2009 ግን በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ።

አባቶቻችን ድልድዩን የሰበሩት አገር ለማዳን ነው። መጠገኑ የልጆች ዕዳ ነበር፤ ሌሎች ቀደሙን። እንግዲህ የሚቀጥለውን ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ ከእኛ መካከል እንዲወጣ እንትጋ!