ጠገራ ብር በጨረታ ሲቀርብ፦ ዋጋውን እንዴት እንመዝናለን?

በቆቦና በራያ ቆላ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ጠገራ ብር ያለባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አንዱ በሣጥን ጥግ በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጣል፤ ሌላው ጆሮ ተበጅቶለት በአንገት ጌጥ ላይ ተሰክቷል። ውርስ ሲከፋፈል፣ ለመስጂድ ግንባታ ጌጥ ሲለገስ ወይም ውጭ አገር ያለ ወንድማችን በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ሲያገኘው "ስንት ልበልበት?" የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በግምት የሚጠራ ዋጋ ሁለት ጉዳት አለው። ገዢው ለተራው የብርቅ ዋጋ ይከፍላል፤ ወይም ወራሹ ብርቁን በሚቀልጥ ብር ዋጋ አሳልፎ ይሰጣል።

ጠገራ ብር ምንድን ነው?

ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የምንለው የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር ነው። በአንድ ገጹ የሴቲቱ ምስል፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት። በላዩ የተጻፈው ዓመት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ሲሆን እርሷ የሞተችበት ዓመት ነው። በቀይ ባሕር ዙሪያና በአገራችን ነጋዴው ያመነው ይህንኑ መልክ ስለነበረ፣ ከሞተች በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ "1780 ተጽፎበታል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል" የሚል ሻጭ ባይዋሽ እንኳ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ብቻውን ስለ ዕድሜው ምንም አያረጋግጥም።

በአገራችን ገበያ ጠገራ ብር ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን ሲሠራበት ቆይቷል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ግን ከመገበያያነት እየወጣ ወደ ጌጥነትና ወደ ቅርስነት ዞረ። ብዙውም በአንጥረኞች እጅ ቀልጦ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆኗል።

ተመሳሳይ ብሮችን መለየት

በጨረታ "የድሮ ብር" ተብሎ የሚቀርበው ሁሉ ማርትሬዛ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ብር በፓሪስ የተመታ ሲሆን የንጉሡ ምስልና አንበሳ አለበት። ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ነው፤ ለምሳሌ ፲፰፻፹፯ ወይም ፲፰፻፹፱። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ የብር መጠኑም በሺህ 835 ነው። ጣሊያን ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ በ1891 እና በ1896 (እ.ኤ.አ.) የኡምቤርቶን ምስል ያለበት ብር አስመትታለች። በ1918 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ማርትሬዛን የሚመስል ሌላ አውጥታለች፤ ይህኛው ላይ 1918 የሚል ዓመት ስላለበት በቀላሉ ይለያል።

በእጅ የሚደረግ ምርመራ

ማንኛውም ወርቅ ቤት ባለው ሚዛን ብዙውን ማወቅ ይቻላል።

1. ክብደት። ትክክለኛው ማርትሬዛ 28.07 ግራም ነው። በአጠቃቀም ያለቀ ትንሽ ይቀንሳል። ከ27.5 ግራም በታች ከሆነ ግን ተፍቆ፣ ተበስቶ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ መሆኑን ይጠይቁ።

2. ስፋት። ከዳር እስከ ዳር 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

3. ጠርዝ። ዙሪያውን በላቲን "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ከፍ ብሎ ተቀርጿል። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም የመገጣጠሚያ መስመር ከታየበት በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

4. ምስሉ። በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ሉሎች አሉት፤ ከምስሉ ሥር ደግሞ ኤስና ኤፍ የሚባሉት የላቲን ፊደላት አሉ። ፊደሎቹ የደበዘዙ፣ ገጹም በትንንሽ ቀዳዳ የተሞላ ከሆነ ይጠንቀቁ።

5. ማግኔት። ብር በማግኔት አይሳብም። ከተሳበ ጉዳዩ አለቀ። ባይሳብ ግን ብር መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ መዳብና እርሳስም አይሳቡምና።

6. የውኃ ምርመራ። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያስገቡት። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ3 ግራም በላይ ካሳየ መዳብ ወይም ናስ ይበዛዋል፤ ወደ 2.5 ከወረደ እርሳስ መሆኑን ይጠርጥሩ። ጆሮ የተበየደበት ብር ግን በዚህ መንገድ በትክክል አይለካም።

የመነሻ ዋጋ ስሌት

የማርትሬዛ የብር መጠን በሺህ 833 ነው። በአንዱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ይሆናል። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ በዚህ ያባዙ። ለምሳሌ ግራሙ 100 ብር ቢሆን የአንዱ ጠገራ የብርነት ዋጋ 2,339 ብር ነው። የዓለም ዋጋ በአውንስ ስለሚነገር ውጭ አገር ያለ ገዢ የአውንሱን ዋጋ በ0.752 ያባዛል። አምስት ጠገራ የተሰካበት የአንገት ጌጥ ከቀረበ 117 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው። የጆሮዎቹንና የብየዳውን ክብደት ግን አይቁጠሩ፤ የብር መጠናቸው አይታወቅም። አንጥረኛ የማቅለጫና የማጣሪያ ወጪ ስላለበት ሲገዛ ከዚህ ስሌት ዝቅ አድርጎ ይገዛል።

ከስሌቱ በላይ የሚከፈለው መቼ ነው?

ተራ ማርትሬዛ በብዛት ስለተመታ ከብሩ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ከዚያ በላይ መክፈል የሚያዋጣው ብሩ ከቀደሙት አመታቶች አንዱ መሆኑን ባለሙያ ሲያረጋግጥ፣ ወይም በደንብ የተጠበቀ የምኒልክ ብር ሲሆን ነው። የተበሳ፣ ጆሮ የተበየደበት ወይም የተፋቀ ብር በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። በዕድሜ የጠቆረ ብር ግን ጉድለት የለበትም። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አሽቶ ማጽዳት ገጹን ይጎዳዋል፤ ዋጋውንም ይቀንሳል።

በጨረታው ላይ መጠንቀቅ ያለብን

ጨረታ (ሙዛየዳ) በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ የተፈቀደ ነው። የተከለከለው ነጅሽ ነው፤ የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ዋጋ ለማስወደድ ብቻ መጫረት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ገቢው ለመስጂድ ቢሆንም ነጅሽ ነጅሽ ነው። ከልቡ ሊገዛ ፈልጎ፣ ከዋጋው በላይ ያለውን ለሰደቃ ነይቶ የሚጫረት ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብር (ፊዷ) የሪባ ሕግ ከሚመለከታቸው ንብረቶች አንዱ መሆኑ ነው። የድሮ ብርን በብር ጌጥ መለወጥ የሚቻለው ክብደቱ እኩል ሆኖ እጅ በእጅ ሲሆን ብቻ ነው። ክብደቱ ከተለያየ አንዱን በገንዘብ ሸጦ በዚያ ገንዘብ ሌላውን መግዛት ነው። በወረቀት ገንዘብ ሲገዛ ዋጋው ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል፤ ሆኖም አብዛኞቹ የዘመናችን ዑለሞች ርክክቡ እዚያው እጅ በእጅ መሆን አለበት ይላሉ። በገቢ ማሰባሰቢያ ላይ "በሚቀጥለው ወር እከፍላለሁ" ብሎ ብሩን ይዞ መሄድ የተለመደ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብሩ በኮሚቴው እጅ ይቆያል፤ ሽያጩም ገንዘቡ በቀረበ ዕለት ይፈጸማል።

በቤት ያከማቹትም ዘካን አይርሱ። የብር ኒሷብ 595 ግራም ንጹሕ ብር ነው። 25 ጠገራ 585 ግራም ያህል ሲሆን አይሞላም፤ 26 ጠገራ ግን 608 ግራም ስለሚሆን ይሞላል። ዓመት ከዞረበት 2.5 በመቶ ይወጣል። ሌላ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ከዚያ ባነሰ ቁጥርም ሊደርስበት ይችላል። ለሚለበስ የሴት ጌጥ በሐነፊ መዝሀብ ዘካ አለው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ በታወቀው አቋም የለውም። የአካባቢዎን ዓሊም ይጠይቁ።

ቅርስ ከሆነስ?

ሲታረስ ወይም ሲቆፈር የተገኘ ጥንታዊ ሳንቲም፣ በተለይ እንደ አክሱም ዘመን ያሉት ትንንሽ ሳንቲሞች፣ ለጨረታ የሚቀርቡ አይደሉም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ግኝት ለሚመለከተው አካል ይነገራል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ለዘመድ ብለው በሻንጣ ከመላክዎ በፊት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ያረጋግጡ።

በመጨረሻም ከጨረታው በፊት ብሩን ይመዝኑ፣ ስሌቱን በወረቀት ይሥሩ፣ የማያልፉትን ዋጋ ወስነው ይግቡ። ሻጩ ማስመዘን ካልፈቀደ ይተዉት። የእናትዎን ጌጥ የሚሸጡ ከሆነም ከአንድ በላይ አንጥረኛ ይጠይቁ፤ የተሸጠ ሊቀልጥ ይችላል፣ የቀለጠ ደግሞ አይመለስም። አላሁ አዕለም።