የጣርማ በር ቁልቁለትና የነዳጅ ቁጠባ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ወሎ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ነፋሻውንና ሰፊውን የሸዋ ደጋ እስከ ዳርቻው ካቋረጠ በኋላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከጣርማ በር ይደርሳል። ከዚህ አካባቢ ወደ ግራ የሚገነጠለው መንገድ ደጋውን ይዞ ወደ መንዝ፣ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ሲያመራ፣ ዋናው ጎዳና ግን ተራራውን በስቶ ከወጣ በኋላ ባንድ ጊዜ ወደ ገደሉ ያዘነብልና፣ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከሸዋ ሮቢት ቆላ ይገባል። ጣርማ በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተንቀጠቀጠ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ላቡን ይጠርጋል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲወራረስ የኖረ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ነዳጅ ለማትረፍ ሲባል ማርሹን ዜሮ ላይ አውሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ሞተሩን ጨርሶ አጥፍቶ፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ እንዲወርድ መልቀቅ ነው። የልማዱን አመጣጥ መመርመር የሚገባው የሰው ነፍስ የሚያጠፋ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ተረፈ የሚባለው ነዳጅ በእውነቱ ያልተረፈ በመሆኑም ጭምር ነው።

አባቶቻችን ይህን አፋፍ በእግርና በበቅሎ ሲመላለሱበት የነበረው ሥርዓት ሌላ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርደው ነጋዴ፣ ከቆላውም ጨው ይዞ የሚወጣው ሲራራ፣ የመሬቱን ጠባይ ዐውቆና አክብሮ ይጓዝ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ካፒቴን ሐሪስ ከባሕር ጠረፍ በግመል ያስጫነው ብዙ ጓዝ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፣ ግመል ዳገቱን የማይደፍር እንስሳ ስለ ሆነ፣ ዕቃው ሁሉ በሰው ሸክም ወደ ላይ ወጣ። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር፤ በበቅሎ የሚሄድ መኰንን እንኳ ከአፋፉ ሲደርስ ከኮርቻው ይወርዳል፣ ጭነቱ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት ከእንስሳይቱ ጅራት ሥር የሚያልፈው ጠፍር ይጠብቃል፣ አሽከሩም ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ቁልቁለትን እንደ ትርፍ የሚቆጥር ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም።

ይህን አስተሳሰብ የለወጠው መኪና ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ቢገባም፣ የሸዋ ደጋ ዳርቻ የመኪና ድምፅ በብዛት የሰማው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና ከተጠረገ በኋላ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያንቀሳቀሰው፣ ከ1,500 የሚበልጡ መኪናዎች የነበሩት የወራሪው ሠራዊት ከጣርማ በር ሲደርስ፣ አርበኞች መንገዱን ንደውት ስለ ነበር፣ ፍራሹ እስኪጠገን ቆሞ ለመጠበቅ ተገደደ፤ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጠላት ባገሪቱ በቆየባቸው ዓመታት ጎዳናውን አስፍቶ፣ ተራራውን አስበስቶ ዋሻውን በሙሶሊኒ ስም ጠራው። መንገዱን ተከትለው የመጡት ከባድ የጭነት መኪናዎች፣ ከነዚህም ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ያለው ፊያት 634፣ ናፍጣ የሚጠጡ ነበሩ፤ ይህ ነገር ወደ ኋላ ለምንመለከተው ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር አለው።

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘው ብድር ጭምር የፈራረሱት ጎዳናዎች መጠገን ሲጀምሩ፣ ጣርማ በር የአገሪቱ የንግድ በር ሆነ፤ ከአሰብ ወደብ የሚመጣው ሸቀጥ በኮምቦልቻ አድርጎ በዚህ ዳገት ይወጣ ነበርና። ነዳጁ ራሱ በዚሁ መንገድ የሚያልፍ ስለ ነበር፣ ለአዲስ አበባ ነዳጅ የጫነው ቦቴ የጫነውን የመሰለ ነዳጅ በብዛት እያቃጠለ ከቆላ ወደ ደጋ ይንፏቀቃል። በዳገቱ ላይ ያን ያህል የወጣበት ሾፌር ሲመለስ በቁልቁለቱ ላይ ሊያካክስ ቢያስብ አያስደንቅም። ባለ ንብረቱም በየመንገዱ ነዳጁን በተመን ቆርጦ ሲሰጥና የተረፈው ለሾፌሩ ሲቀር፣ እያንዳንዱ ቁልቁለት እንደ ደመወዝ ጭማሪ መታየቱ የማይቀር ነው። እኔ ስለዚህ ከሾፌሩ ይልቅ የሒሳቡን ሥርዓት እወቅሳለሁ።

የነዳጅ ዋጋ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዕጣ እስከ መወሰን ደርሷል። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የዘይት ዋጋ ሲንር የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ተጨምሮ፣ የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አብዮቱን ካቀጣጠሉት ምክንያቶችም አንዱ ይህ ሆነ። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል ደግሞ ቁጠባ ከገንዘብም አልፎ የኑሮ ግዴታ ነበር፤ አንዲት ሊትር ማትረፍ ብልኅነት፣ ማባከን ግን ነውር ሆኖ በታየበት በዚያ ወራት የዜሮ ማርሽ ልማድ ሥር ቢሰድ አይገርምም።

አሁን ወደ ሞተሩ ባሕርይ እንግባ። በካርቡራተር የሚሠራው የጥንቱ የቤንዚን መኪና፣ በማርሽ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቢያነሣም፣ በፍጥነት የሚዞረው ሞተር ጥቂት ጥቂት ነዳጅ መሳቡን አይተውም፤ ስለዚህ ማርሹን ዜሮ ያደረገ ሰው በእርግጥ ትንሽ ያተርፍ ነበር። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ አይደለም። ሾፌሩ እግሩን ሲያነሣና ጎማው ሞተሩን ሲያዞር ፖምፓው ናፍጣውን ፈጽሞ ይቆርጠዋል፤ ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ፖምፓው መመገብ ይጀምራል። ካርቡራተር የሌላቸው የዛሬ የቤንዚን መኪናዎችም በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ይህንኑ ያደርጋሉ። ረጋ ባለ ሜዳማ ዝቅታ ላይ ዜሮ ማርሽ መኪናውን ራቅ አድርጎ ያንከባልለው ይሆናል፤ እንደ ጣርማ በር ባለ ገደላማ ቁልቁለት ላይ ግን፣ ፍሬን መርገጥ በማይቀርበት ቦታ፣ በማርሽ የሚወርደው ምንም ሳያቃጥል ሲወርድ ዜሮ ያደረገው ያቃጥላል። የቤንዚን መኪና ልማድ በናፍጣ መኪና ላይ ተወርሶ ዐርባና ኀምሳ ዓመት ያለ ምርመራ ኖረ ማለት ነው።

ሞተሩን ጨርሶ የሚያጠፋውስ ምን ያተርፋል? ከባድ መኪና ሳይጫን በዝግታ ሲዞር በሰዓት 2 ወይም 3 ሊትር ናፍጣ ይበቃዋል፤ ስለዚህ እስከ ሸዋ ሮቢት ቢያጠፋው የሚያድነው ከዚያ አይበልጥም። ለዚህች ትርፍ የሚከፈለው ዋጋ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ሲጠፋ ለፍሬኑ አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ይቆማል፣ በማጠራቀሚያው የነበረው አየርም በያንዳንዱ ርግጫ እየቀነሰ ይሄዳል፣ መሪውም ይከብዳል። 20 ቶን የሚመዝን መኪና ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ካለው ቁልቁለት 1,500 ሜትሩን ብቻ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ 8 ሊትር ናፍጣ ቢነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር የተካከለ ነው፤ መኪናው በማርሽ ከሆነ ሞተሩ ከዚህ ብዙውን ተሸክሞ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ያስወጣዋል፤ ዜሮ ከሆነ ግን ሁሉም ከታምቡሩና ከፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ታምቡሩ በሙቀት ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ ሸራውም ግሎ መያዙን ይተዋል። ፍሬኑ የከዳው ሾፌር በዚያን ጊዜ ወደ ማርሽ ልመለስ ቢል፣ የጎማው ፍጥነት ከሞተሩ ስለሚበልጥ ማርሹ አልገባ ይለዋል። «ፍሬን በጥሶ ተገለበጠ» ተብሎ የሚነገረው አደጋ፣ ሲመረመር፣ ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ከመክዳቱ በፊት ከላይ ከአፋፉ የተጀመረ ነው።

ጥንቁቁን ሾፌር ለማወቅ ደብረ ሲና ላይ መቆም ይበቃል። መኪናው ቆሞ ሴቶች የቆሎ ከረጢታቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሲሻሙ፣ ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ሥር ከጣለ በኋላ የመዳፉን ጀርባ ወደያንዳንዱ ታምቡር አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካል፤ አንዱ ከሌላው ካየለ ሽታውንም ያሸታል፤ የጋለ ብረት እንዳይሰነጠቅበት ውሃ ሳይደፋ በነፋስ እስኪበርድ ይጠብቃል። ለአሽከርካሪ ሁሉ የተሰጠውን ምክር፣ ይኸውም ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለውን፣ የሚጠብቀው እንዲህ ያለው ነው፤ ናፍጣ የሚያተርፈውም እርሱ ነው። ጎማውን በልኩ የነፋ፣ ከመጠን በላይ ያልጫነ፣ ከፊቱ ያለውን ኩርባ አይቶ ቀድሞ ፍጥነቱን የሚቀንስ ሰው ነዳጅም ነፍስም በአንድ ጊዜ ያድናል። በመርሐቤቴ በኩል፣ ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ በሚወጣው መንገድ ላይ ለሚመላለሱት አይሱዙዎችም ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን መጻፍ ያስፈለገበት ጊዜም አለው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ፣ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፏል፤ የማትረፍ ፈተናውም በዚያው መጠን በርትቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ጣርማ በርን መውረድ ጀምሯል፤ በዚህ ዓይነቱ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ስለሚሞላ፣ ሳይለቀቅ የወረደ መኪና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከጣርማ በር ላይ ከነበረው የበለጠ ኃይል ይዞ ሊገኝ ይችላል። ከባዱ ጭነት ግን ገና በናፍጣ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ከዋሻው አፍ በፊት ከባድ መኪናዎች ቆመው ፍሬናቸውን የሚፈትሹበትና ማርሻቸውን የሚለውጡበት ሰፊ ማቆሚያ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁልቁለት ርዝመት በጉልህ ከሚናገር ሰሌዳ ጋር፣ እንዲዘጋጅ መንገዱን የሚያስተዳድሩትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ባለ ንብረቶችም የነዳጅ ተመናቸውን ሲቆርጡ የቁልቁለቱን ድርሻ ከሾፌሩ ትርፍ ውስጥ ያውጡት።