የሀገረ ሕይወት መንገድ፦ የተሽከርካሪ ሕግ ታሪክና የጤና ባለሙያው መዝገብ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚያመራውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ፣ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ አምቦ ይደርሳል። ይህች ከተማ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ትጠራ ነበር። ስሙን ያሰጣት ከከርሰ ምድር የሚፈልቀው ፍል ውኃዋ ነው። ሕሙማን ከሩቅም ከቅርብም እየመጡ ይታጠቡባት፣ ይጠጡባትና ፈውስ ይጠባበቁባት እንደነበር የታወቀ ነው። መንገዱም በብዙ ሰው ኅሊና ወደ ጤና የሚወስድ መንገድ ሆኖ ኖሯል።

በዚሁ ጎዳና ላይ የሚደርሰው የተሽከርካሪ አደጋ ግን ዛሬ የምዕራብ ሸዋ ጤና ተቋማት የድንገተኛ ክፍሎች የዘወትር ሥራ ሆኗል። ስለ መንገድ ደኅንነት በሚነገርበት ጊዜ ጉዳዩ የትራፊክ ፖሊስ፣ የመንገድ መሐንዲስና የፍርድ ቤት ብቻ ተደርጎ ይታያል። የጤና ባለሙያውም ስብራቱን ጠግኖ፣ ደሙን አቁሞ ከሸኘ በኋላ ድርሻውን የፈጸመ ይመስለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመንገድና የተሽከርካሪ ሕግ በአገራችን የመጣበትን ጉዞ በአጭሩ መቃኘትና፣ በዚህ ጉዞ ውስጥ የጎደለው ትልቁ ምስክር በሆስፒታል መዝገብ ውስጥ ያለው ቃል መሆኑን ማሳየት ነው።

መኪና ከመምጣቱ በፊትና ከመጣ በኋላ

የምዕራብ ሸዋ መንገድ ታሪክ ከመኪና ይቀድማል። ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ እስከዚያ የተሠራው መንገድ በአገሪቱ በዘመናዊ ዘዴ ከተሠሩት ቀደምት መንገዶች አንዱ ሆነ። መናገሻው ባይዛወርም መንገዱ ቀረ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው፣ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ወደ አገር ያስገባው በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫም የታየው በዚያው ዘመን ነው።

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያመጣው ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተሳፍረውበታል። በዚያ ወቅት በከተማዋ የመንጃ ፈቃድ፣ ታርጋም ሆነ የፍጥነት ወሰን አልነበረም፤ አንዲት መኪና ላላት ከተማ ይህ ሁሉ አስፈላጊ አይመስልም ነበር። በእንግሊዝ አገርም ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1896 በለንደን አካባቢ በመኪና ተገጭታ በሞተች ጊዜ፣ ነገሩ ዳግመኛ የማይደርስ እንግዳ ነገር ተደርጎ ታይቶ ነበር። በየትም አገር ተሽከርካሪው ይቀድማል፣ ቁስለኛው ይከተላል፣ ሕጉ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል። የአገሮች ልዩነት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ባለው የጊዜ ርቀት ላይ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ነቀምት የሚያልፈው መንገድ ለከባድ ተሽከርካሪ እንዲመች ተደርጎ ተስፋፋ። ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የመንገድ ሥራ ቋሚ መሥሪያ ቤት አገኘ። ከሆለታ እስከ ጉደር፣ ከጌዶ እስከ ባኮ ያሉት ከተሞች በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ተዘርግተው አደጉ። በመሆኑም አውራ ጎዳናው በአንድ ጊዜ የረጅም ርቀት መንገድም የከተማ ዋና አደባባይም ሆነ። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱና መናኸሪያው በዳርቻው ተደረደሩ። ከወለጋ ጭኖ የሚመጣው የጭነት መኪና፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ አህያዋን የምትነዳው ገበሬና ከትምህርት ቤት የሚወጣው ተማሪ በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። በእነዚህ ከተሞች እግረኛው ለአደጋ የሚጋለጥበት ዋናው ምክንያት ከዚህ አቀማመጥ ይመነጫል።

ከግራ ወደ ቀኝ

በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ እስከዚያ ድረስ በመንገድ ግራ በኩል ይደረግ የነበረውን የመኪና ጉዞ ወደ ቀኝ አዛወረች። ስዊድን ተመሳሳይ ለውጥ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1967፣ ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ በ1973 ነው። ኬንያ እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች።

ይህ ክስተት የሚያስተምረው ነገር አለ። «ልማድ አይለወጥም»፣ «ሕዝባችን ለሕግ አይገዛም» የሚለው አባባል በአገራችን በሰፊው ይሰማል። ይሁን እንጂ ያለ ልዩነት ሁሉንም የሚመለከት፣ ቀኑ የታወቀና ምክንያቱ የተገለጸ ደንብ በወጣ ጊዜ፣ አሽከርካሪውም እግረኛውም በአንድ ቀን ዐይኑን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲያዞር ተደርጓል። የጎደለን ችሎታ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

መቶ ዓመት የፈጀ ሕግ

በተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው ፍትሕ የሚሰጠው ሕግ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዲሆን ደነገገ። ይህ ለዘመኑ የላቀ ድንጋጌ ነበር። ነገር ግን ባለ መኪናው የሚከፍለው ገንዘብ ከሌለው፣ ወይም ገጭቶ ከተሰወረ፣ ሕጉ ለቁስለኛው በወረቀት ላይ የሚቀር መብት ነበር።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። ቁጥሩን አስተውለን ብንመለከተው የመጀመሪያው መኪና ከገባበት ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ልክ 100 ዓመት ሆኖ እናገኘዋለን። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ይኸው አዋጅ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው አረጋግጦ፣ ለዚሁ የሚውለውን ወጪ በጊዜው እስከ 2,000 ብር ወሰነ። ገጪው ላልታወቀ ወይም መድን ለሌለው ተሽከርካሪ ሰለባም የመድን ፈንድ እንዲደርስለት አደረገ።

በዚሁ ዘመን ሌሎች ሕጎች ተከታትለው ወጥተዋል። የትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 468/1997፣ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000፣ በኋላም እርሱን የተካው ቁጥር 1074/2010፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002፣ እንዲሁም የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ከነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። አሽከርካሪው፣ ተሽከርካሪውና የመንገዱ አጠቃቀም ሦስቱም ሕግ አላቸው። ስለዚህ «ሕግ የለም» የሚለው ምክንያት ዛሬ አያስኬድም። ጥያቄው ሕጉ ማንን እያዳነ፣ ማንን እየዘነጋ እንደሆነ በምን እናውቃለን የሚለው ነው።

ሕግን የወለደ መዝገብ

ወደ ሌሎች አገሮች ታሪክ ስንመለከት የመንገድ ደኅንነት ሕጎች ከሕክምና ክፍል የወጡበትን ጊዜ እናገኛለን። አውስትራሊያዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ እ.ኤ.አ. በ1935 በሞተር ብስክሌት አደጋ የተጎዳውን ታዋቂውን መኮንን ቲ. ኢ. ላውረንስን ለማዳን ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ነበር። ቁስለኛው ከስድስት ቀናት በኋላ ሞተ። ኬርንስ ግን በሐዘኑ አላበቃም፤ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት አንድ በአንድ መመዝገብ ጀመረ። በ1941 ያሳተመው ጥናት የራስ ቁር ጥቅምን በማስረጃ ያሳየ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ጦር በዚያው ዓመት የሞተረኛ መልእክተኞቹን ቁር እንዲያደርጉ አስገደደ።

የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 የደኅንነት ቀበቶ ማሰርን በሕግ ያስገደደች የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ለዚህ ከገፋፉት መካከል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ይገኝበታል። ቀዶ ሐኪሞቹ ለሕግ አውጪዎቹ ያቀረቡት በየዕለቱ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛቸው ላይ ያዩትን ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ሃደንም አደጋን እንደማንኛውም በሽታ በመከፋፈል ከግጭቱ በፊት፣ በግጭቱ ጊዜና ከግጭቱ በኋላ ያለውን ለይቶ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለዓለም አበርክቷል። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ የቁስለኛው ካርድ ተጽፎ ተነቧል።

በሁለት ደብተር መካከል የጠፉ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት፣ በኢትዮጵያ በ2015/16 በመንገድ አደጋ መሞታቸው የተመዘገበው 4,352 ሰዎች እንደሆኑ ይገልጻል። ድርጅቱ ለ2016 በራሱ ስሌት የገመተው ቁጥር ግን 27,326፣ ማለትም በ100,000 ሕዝብ 26.7 ነው። በሁለቱ መካከል ከስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ግምቱ የሒሳብ ሞዴል ውጤት በመሆኑ የመጨረሻው እውነት ነው ብሎ መቀበል አይገባም። ሆኖም አንድ አገር ስለ ሟቾቿ ከሞዴል እንድትማር ያስገደዳት የመዝገብ እጦት መሆኑ አያከራክርም።

ልዩነቱ እንዴት ሊፈጠር እንደሚችል በምሳሌ እንመልከት። አንድ ገበሬ በጊንጪና በአምቦ መካከል መንገድ ሲያቋርጥ በጭነት መኪና ተገጨ እንበል። የትራፊክ ፖሊሱ ቦታው ላይ ደርሶ «ከባድ የአካል ጉዳት» ብሎ ይመዘግባል። ቁስለኛው በአላፊ መኪና ሆስፒታል ይደርሳል፤ በድንገተኛ ክፍሉ መዝገብ ላይ «የጭንቅላት ጉዳት» ተብሎ ይጻፋል። ደረጃው ከፍ ወዳለ ሕክምና ተልኮ በአምስተኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ ያርፋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባለው ትርጉም፣ ከአደጋው በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ የሞተ ሰው የመንገድ አደጋ ሟች ነው። የፖሊሱ ደብተር ግን ሰውየውን በሕይወት ይዞት ይቀራል። የሆስፒታሉ መዝገብ መሞቱን ቢያውቅም መኪና እንደገጨው አይናገርም። በሁለት ደብተር መካከል አንድ ሰው ጠፋ።

ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እግረኞች የሚሞቱበት ቦታና ሰዓት ካልታወቀ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው የት ይሠራ? ከባጃጅ የሚወድቁት ተሳፋሪዎች ምን ያህል እንደሆኑ ካልታወቀ፣ ደንቡ በምን መልክ ይሻሻል? የሟች ቤተሰብስ የሞቱን ምክንያት የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከሌለው ካሳውን በምን ይጠይቅ?

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

የዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም ስብራቱንና የጭንቅላት ጉዳቱን በአንድ ምዕራፍ፣ ጉዳቱን ያደረሰውን ውጫዊ መንስኤ ደግሞ በሌላ ምዕራፍ የለየው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም እንዲጻፉ ታስቦ ነው። በመሆኑም በአደጋ ለመጣ ሰው ካርድ ሲወጣ የሚከተሉት ቢሰፍሩ መልካም ነው። አንደኛ፣ ተጎጂው እግረኛ፣ ተሳፋሪ፣ አሽከርካሪ ወይስ ሞተረኛ ነበር? ሁለተኛ፣ ያደረሰው ተሽከርካሪ ምን ዓይነት ነው? ሦስተኛ፣ አደጋው የደረሰው በየትኛው ቦታና በስንት ሰዓት ነው? አራተኛ፣ ቀበቶ ወይም የራስ ቁር አድርጎ ነበር? አምስተኛ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ምን ላይ ደረሰ? እነዚህን ለመጻፍ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ሕመምተኛው ወደ ሌላ ተቋም በሚላክበት ጊዜም በሪፈራል ወረቀቱ ላይ የአደጋው መንስኤ አብሮ መጓዝ አለበት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ፣ በሞት የምስክር ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የሐኪሙ ቃል ከተቋሙ አጥር አልፎ ለአገር የሚሰጥ ምስክርነት ነው። የጤና ተቋሙና የወረዳው ትራፊክ ፖሊስ በየወሩ መዝገባቸውን አቀራርበው ቢያስተያዩ፣ በሁለቱ መካከል የጠፉትን ማግኘት ይቻላል። ለዚህ አዲስ ሕግም አዲስ በጀትም መጠበቅ አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

ከመጀመሪያው መኪና እስከ አስገዳጁ መድን 100 ዓመት ፈጅቷል። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ የወደቁት ወገኖቻችን ስንት እንደነበሩ ዛሬ ማንም ቆጥሮ ሊነግረን አይችልም። ያለፈውን ልንመልሰው አንችልም። ዛሬ ማታ በአምቦም ሆነ በጌዶ ወደ ድንገተኛ ክፍላችን በቃሬዛ የሚገባው ሰው ግን ስሙና ጉዳቱ፣ ያጎዳውም ነገር ጭምር በትክክል ሊጻፍለት ይችላል። የከተማይቱን የቀድሞ ስም ያወጡላት ሰዎች ወደዚያ የሚሄድ ሰው ድኖ እንደሚመለስ ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። እኛም ተረኛ በሆንንበት ሌሊት በምንጽፋት አንዲት መስመር ለዚያ ተስፋ የድርሻችንን እናበርክት።