ባንዲራዋ የእንግሊዝ፣ ትውልዷ የጣሊያን

አምቦ ባሕር የላትም። ውኃ ካልን የፍል ውኃው መዋኛ፣ ራቅ ካልንም የጉደር ወንዝ ነው። «ታዲያ እናንተ ስለ ሰርጓጅ መርከብ ምን አገባችሁ?» ብትሉን አንቀየማችሁም። ነገሩ የመጣው ከመካከላችን አንዱ ከኢንተርኔት ባገኛት አንዲት የቆየች ፎቶ ነው። በውኃ ላይ የተንሳፈፈች ሰርጓጅ መርከብ ትታያለች፤ በላይዋ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባንዲራ ይውለበለባል። ከሥሯ «ያልታወቀች የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ፣ ኤደን፣ 1940» ተብሎ ተጽፏል። እኛም ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅንባት።

መጀመሪያ የተስማማነው ባንዲራውን ለመርሳት ነው። ባንዲራ በአንድ ደቂቃ ይወርዳል፣ በአንድ ደቂቃ ይሰቀላል። መድፍ ግን እንዲህ በቀላሉ ከቦታው አይነሳም። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሰርጓጆች አብዛኛውን ጊዜ አንድ መድፍ ነበራቸው፤ እሱም መሃል ላይ ብቅ ካለው ማማ ፊት ለፊት ይተከላል። የፎቶዋ መርከብ ግን አንድ መድፍ ከማማው ፊት፣ አንድ ደግሞ ከኋላው አላት። እዚህ ላይ ነው የጠረጠርነው። ይቺ ልጅ የዚህ ቤት ልጅ አይደለችም!

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጣሊያን ማርከው በራሳቸው ቁጥር ያሠሯቸው ሦስት ሰርጓጆች ነበሩ። አንዷ «ፔርላ» ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ቤይሩት አጠገብ ተማርካ ፒ 712 ተባለች። ሌላዋ «ብሮንዞ» በ1943 ሲሲሊ ላይ ተይዛ ፒ 714 ሆነች። ሁለቱም ባለ አንድ መድፍ ናቸው፤ ሁለቱም በ1940 ገና አልተማረኩም። ቦታውም፣ ዓመቱም፣ መድፎቹም የሚገጥሙላት አንዲት ብቻ ቀረች፦ «ጋሊሊዮ ጋሊሌይ»።

ታሪኳ ደግሞ ከደጃችን ይጀምራል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1940 ጦርነት ስታውጅ ምጽዋ ላይ ስምንት ሰርጓጆች ነበሯት። ጋሊሌይ ከእነሱ አንዷ ናት። ወጥታ በጁን 16 ከኤደን አቅራቢያ «ጄምስ ስቶቭ» የተባለች የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰመጠች። ሦስት ቀን ቆይቶ ጁን 19 ላይ «ሙንስቶን» የምትባል፣ የዓሣ አስጋሪ ጀልባ ቁመና ያላት ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ አገኘቻት። ሙንስቶን የጥልቅ ውኃ ቦምብ ስትጥልባት ጋሊሌይ ወደ ላይ ወጥታ በመድፍ ገጠመቻት። ባለ አንድ መድፏ ባለ ሁለት መድፏን አሸነፈች። አዛዡ ኮራዶ ናርዲና አብዛኞቹ መኮንኖች ሞቱ፤ መርከቧም እጅ ሰጥታ እየተጎተተች ኤደን ገባች። መጀመሪያ ኤክስ 2፣ በኋላም ፒ 711 ተብላ ለእንግሊዞች ማሰልጠኛ ሆነች። በ1946 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እንግዲህ ፎቶዋ ታወቀች። ጨዋታው ግን በዚህ አላበቃም። የምጽዋዎቹን ስምንት መርከቦች ስም ስንዘረዝር አንዱ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን፦ «ማካሌ»። የእኛው መቀሌ! ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ማግስት አሥራ ሰባት ሰርጓጆችን በአንድ ንድፍ ሠርታ ነበር። የንድፉ መጠሪያ «አድዋ» ነው። የአብዛኞቹም ስም ከኢትዮጵያ የተወሰደ ነው፦ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ደገሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ። አያቶቻችን የተቀበሩበትን ምድር ስም የወራሪው ብረት ላይ ጻፉት። ማካሌ በ1940 ጁን ወር ሱዳን አጠገብ ከአለት ተጋጭታ ጠፋች። ጎንደር በዚያው ዓመት፣ አድዋም በተከታዩ ዓመት ሰጠሙ። ከአሥራ ሰባቱ ጦርነቱን የተረፈችው አላጌ ብቻ ናት።

ነገሩን ወደ ቤታችን ስናመጣው ደግሞ ይብሳል። አምቦ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ሆለታ ገነት ነበረች። የምኒልክ አዲስ ዓለም ዛሬ ኤጄሬ ናት። አንድ የማያውቅ ሰው «ሀገረ ሕይወት» የሚል ፎቶ ቢያገኝ አምቦን ከየት ብሎ ይፈልጋታል? ልክ እንደ ጋሊሌይ «ያልታወቀች ከተማ» ብሎ ያልፋታል። ከፎቶ ሥር ያለ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ያን ጊዜ ባለቤት የነበረው ማን እንደሆነ ነው። ማንነቱን የሚነግረን የሚታየው አካሉ ነው፤ እሱንም የሚያነብልን የሚያውቀው ሰው ነው።

መርከቢቱ መድፎቿ መሰከሩላት። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያሉት የአያቶቻችን ፎቶዎች ግን መድፍ የላቸውም። ያላቸው ምስክር ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት እማማና አባባ ናቸው፤ እነሱም ሁልጊዜ አይኖሩም። ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጊንጪ፣ ወደ ጌዶ፣ ወደ አምቦ ስትሄዱ እርሳስ ያዙ። አልበሙን አውጡና «ይሄ ማነው? የት ነው? መቼ ነው? ከተማው ያኔ ማን ይባል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከፎቶው ጀርባ ጻፉት። አለዚያ የልጅ ልጆቻችን የገዛ ቅድመ አያታቸውን ይዘው «ያልታወቀ ሰው» እያሉ ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ።