ሬሜዲያል፦ ፈርሶ የተመለሰው ድልድይ

ቀድሞ የሂሳብና የፊዚክስ ክፍተት ይዞ ኢንጂነሪንግ የሚገባ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፍሬሽማን ዓመት ነበረው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ይህን ሸክም ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤቶች አወረደው፤ ቤተ ሙከራው ግን አብሮ አልወረደም። ቀጥሎ 70/30 መጣና የኢንጂነሪንግ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ፍሬሽማን የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ጦርነት። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ትምህርት ቆመ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። መፍትሔ ተብሎ ሬሜዲያል መጣ።

የደሴ ልጅ የዓመታቱን ፊዚክስ በጥቂት ወራት አሟልቶ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይግባ ማለት ዕዳውን ለተማሪው ማሸከም ነው። ድልድዩ 9ኛ ክፍል ላይ ይሠራ።